ዝናብ ባጠረበት ወቅት የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳን ሁኔታ በምን እንመዝን?

ጥያቄ፦ ማሳ ተዘዋዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ የምርት ወቅት የተወሰኑ የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳዎችን በየሳምንቱ እየዞርኩ የሰብሉን ሁኔታ እንድመዘግብ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። የምሞላው ቅጽ እያንዳንዱን ማሳ እጅግ ደካማ፣ ደካማ፣ መካከለኛ፣ ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ብዬ እንድመድብ ይጠይቃል። ወቅቱ ሲጀምር እርጥበቱ በቂ ስለነበርና ሁለቱም ሰብሎች በእኩል ስለበቀሉ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ግን በዝናብ መለኪያዬ የተጠራቀመው በድምሩ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የከሰዓት በኋላው ሙቀትም እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየደረሰ ነው።

ያስቸገረኝ ነገር አንድ ማሳ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት መልክ ማሳየቱ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቅጠሉ ተዘርግቶ ጤነኛ የሚመስለው በቆሎ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ ቅጠሉን ጠቅልሎ፣ ከሩቅ ሲታይም ግራጫ መስሎ አገኘዋለሁ። ባለፈው ሳምንት እኔ ጠዋት አይቼ «ጥሩ» ያልኩትን ማሳ የሥራ ባልደረባዬ ከሰዓት በኋላ አይቶት «ደካማ» ብሎ ስለመዘገበው ከሁለታችን ማን ትክክል እንደሆነ መወሰን አልቻልንም። አኩሪ አተሩ ደግሞ ቀትር ላይ ቅጠሉን ገልብጦ ነጣ ያለ ጀርባውን ያሳያል እንጂ ቀለሙ ብዙም አልተለወጠም፤ ቁመቱ ግን ከአስር ቀን ወዲህ ጨመረ ለማለት አያስደፍርም።

በቆሎው የወንዴ አበባውን ሊያወጣ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል፤ አኩሪ አተሩም ማበብ ጀምሯል። ከበቆሎ ማሳዎቹ አንዱ አሸዋማ አፈር ላይ፣ ሌላው ደግሞ ጥልቀት ባለው ለም አፈር ላይ ነው። መስኖ የለንም፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ሰብሉን ስለ ማዳን ሳይሆን ያለበትን ሁኔታ በትክክል ስለ ማወቅ ነው። ድርቀቱ ከቀጠለ በየሳምንቱ ምን ልመልከት? የጉዳቱንስ መጠን ሰብሉ ከመሰብሰቡ በፊት መገመት ይቻላል ወይ? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የአፈር ልጅ

ሁለታችሁም ያያችሁት እውነት ነው፤ ስህተቱ ቅጠሉን ዳኛ ማድረጋችሁ ላይ ነው። በቆሎ ቅጠሉን የሚጠቀልለው ለፀሐይ የሚጋለጠውን ገጽ ቀንሶ ውሃውን ለመቆጠብ ስለሆነ፣ በሞቃት ቀን ቀትር ላይ መጠቅለሉ ብቻውን የጉዳት ምልክት አይደለም። ሊመዘገብ የሚገባው መጠቅለል የሚጀምርበትና የሚዘረጋበት ሰዓት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ጀምሮ ተጠቅልሎ ማታ የሚዘረጋ በቆሎ ሌሊቱን ከአፈር ውሃ እየሳበ ራሱን ማደስ ችሏል ማለት ነው። መጠቅለሉ ከቀን ወደ ቀን ወደ ረፋድ እየቀደመ ሲመጣ የአፈሩ ክምችት እያለቀ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተጠቅልሎ ካገኛችሁት ደግሞ ሌሊቱም አላዳነውም ማለት ስለሆነ ያኔ በእርግጥ ልትጨነቁ ይገባል። ስለዚህ አንድን ማሳ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ጎብኙ፤ ከተቻለም በሳምንት አንድ ቀን ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ጊዜ እዩት።

ከቅጠሉ ቀጥሎ አፈሩን ተመልከቱ። ላይኛው አስር ሴንቲ ሜትር ዱቄት ሆኖ መገኘቱ ብዙ አይነግራችሁም፤ የበቆሎ ሥር ጥልቅ አፈር ካገኘ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳልና። ጫፉ የሾለ ቀጭን የብረት ዘንግ በክብደታችሁ ብቻ ወደ አፈር ስትገፉት እርጥብ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ደረቅ አፈር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ድንጋይ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ ሁለትና ሦስት ቦታ መሞከር ነው። በአካፋ ቆፍራችሁ ከ30 እና ከ60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የወሰዳችሁትን አፈር በእጃችሁ ጨብጣችሁ እዩት፤ ለም አፈር ተጨብጦ ቅርጹን ከያዘ ገና የሚጠጣ ውሃ አለው፣ ከተበተነ ግን አልቋል ወይም ሊያልቅ ነው።

ሁለቱ ማሳዎቻችሁ ለምን እንደሚለያዩ በትንሽ ሂሳብ ማየት ይቻላል። አበባ በሚያወጣበት ሰሞን በቆሎ በሞቃት ቀን ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። ጥልቅ ለም አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ለተክል የሚሆን 160 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል፤ ተክሉ ሳይጎዳ በቀላሉ የሚያገኘው ግማሹን ያህል ስለሆነ፣ ሞልቶ የነበረው አፈር አስር ወይም አስራ አንድ ቀን ያቆየዋል። አሸዋማው አፈር የሚይዘው 70 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግማሹ 35 ነው፤ ይህም አምስት ቀን እንኳ አይሞላም። በዚህ ስሌት አሸዋማው ማሳ እናንተ ቅጽ መሙላት ሳትጀምሩ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ወሳኙ ድርቀቱ ሰብሉን የሚያገኝበት የዕድገት ደረጃ ነው። ጉልበት ላይ ያልደረሰ በቆሎ ለሁለት ሳምንት ቢጠማ ያጥራል እንጂ ዝናብ ሲመጣ በአመዛኙ ያገግማል። የወንዴ አበባው ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ጸጉሩ ከወጣ በኋላ እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት ያለው ጊዜ ግን የፍሬው ቁጥር የሚወሰንበት በመሆኑ ያኔ የጠፋው አይመለስም። ጸጉር በሚወጣበት ሰሞን አንድ የከባድ ጥማት ቀን ከምርቱ ከ3 እስከ 9 በመቶ ሊወስድ እንደሚችል በዘርፉ የተለመደ ግምት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጸጉር ከአንድ ፍሬ ጋር የተያያዘ ሲሆን የሚረዝመውም በውሃ ግፊት ነው። ውሃ ሲያጥር የወንዴ አበባው ብናኙን በጊዜው ያራግፋል፤ ጸጉሩ ግን ይዘገያል። ብናኙ አልቆ ጸጉሩ ቢወጣ ባዶ ቆረቆንዳ ይቀራል። ስለዚህ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በእያንዳንዱ ማሳ ውስጥ በዘፈቀደ በተመረጡ አምስት ቦታዎች ሃያ ሃያ ተክል እየቆጠራችሁ ስንቱ ብናኝ እያራገፈ እንደሆነና ስንቱ ጸጉር እንዳወጣ ጻፉ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሦስትና አራት ቀን ካለፈ፣ ቅጠሉ የቱንም ያህል ቢያምር «ጥሩ» የሚለውን ቃል አትጻፉት።

ብናኙ ከተራገፈ ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግሞ እሸቱን ቁረጡና ሽፋኑን ጸጉሩ እንዳይበጠስ በጥንቃቄ ከቁመቱ ሰንጥቃችሁ ግለጡት፤ ከዚያም የበቆሎውን ራስ ቀስ ብላችሁ አራግፉት። የጸነሰው ፍሬ ጸጉር በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከፍሬው ስለሚለይ ይረግፋል፣ ያልጸነሰው ተጣብቆ ይቀራል። ይህ ፈተና አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከማንኛውም የቅጠል ምልከታ ይልቅ ምርቱን ይነግራችኋል።

እኔ ራሴ በሥራው መጀመሪያ ዓመታት አንድ ማሳ ከመንገድ ዳር ሆኜ አይቼ፣ አረንጓዴነቱ አስደስቶኝ «እጅግ ጥሩ» ብዬ መዝግቤ ነበር። በመከር ጊዜ ከራሱ ግማሽ በላይ ፍሬ አልነበረውም። እንዲያውም ፍሬ ያልያዘ በቆሎ የሠራውን ስኳር የሚልክበት ስለሌለው አገዳውና ቅጠሉ ረዘም ላለ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ፣ አንዳንዴም ወደ ቀይ ወይን ጠጅ ሊለወጥ ይችላል፤ ያሞኘኝም ይኸው ነበር።

መልስ፦ ጎተራ ጠባቂ

ከላይ ስለ በቆሎ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ይሁንና በዚያው ሚዛን አኩሪ አተርን እንዳትመዝኑት እሰጋለሁ። በቆሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈተናል፤ አኩሪ አተር ግን ደጋግሞ የመሞከር ዕድል አለው። ዕድገቱ በአበባ የማይገታው ዓይነት ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት እያበበ ስለሚቆይ የመጀመሪያው አበባ ቢረግፍ ዘግይቶ የሚወጣው ሊተካው ይችላል። መልካም በሆነ ዓመት እንኳ ከአበባው ከግማሽ በላይ መርገፉ የተለመደ ስለሆነ፣ መሬት ላይ የወደቀ አበባ አይታችሁ ማሳውን «ደካማ» ማለት አይገባም።

የአኩሪ አተር እውነተኛው ፈተና ፍሬውን የሚይዘው ፖድ መውጣት ከሚጀምርበት ጊዜ አንስቶ ፍሬው ፖዱን እስኪሞላ ያለው ወቅት ነው። ከሁሉም የከፋው ከላይኞቹ አራት አንጓዎች በአንዱ ላይ ባለ ፖድ ውስጥ ፍሬው 3 ሚሊ ሜትር በሚያክልበት ሰሞን የሚመጣ ድርቀት ነው፤ ያኔ ተክሉ ፖዶቹን ይጥላል፣ የቀሩትንም ፍሬዎች ያሳንሳል፣ ከዚያ በኋላም የሚተካ አበባ የለውም። ስለዚህ እስካሁን የደረሰው ጥማት የእናንተን አኩሪ አተር አሳጥሮት ሊሆን ይችላል እንጂ ምርቱን ወስኖታል ለማለት ገና ነው። እኔ ብሆን በዚህ ሳምንት «መካከለኛ» ብዬ፣ ከጎኑ ግን የዕድገት ደረጃውን እጽፍ ነበር። ደረጃው ያልተጻፈበት ምዘና ከሁለት ሳምንት በኋላ ለማንም አይጠቅምም።

በየሳምንቱ ሦስት ነገሮችን ብትመለከቱ ይበቃችኋል። አንደኛው በተክል ላይ ያለው የፖድ ቁጥር ነው። አሥር ተከታታይ ተክሎችን ቆጥራችሁ አማካዩን ያዙ፤ የሚያምሩትን መርጣችሁ አትቁጠሩ። ሁለተኛው ሥሩ ነው። ተክሉን ከነአፈሩ በአካፋ አንስታችሁ ኖዱል የሚባሉትን የሥር ዕባጮች በጥፍራችሁ ስትሰነጥቁ ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠሩ ነው፤ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ አቁመዋል። ይህ ሥራ ከቅጠሉ ምግብ ማዘጋጀት ቀድሞ በድርቀት የሚስተጓጎል ስለሆነ፣ የቅጠሉ መገርጣት ከመታየቱ በፊት ያስጠነቅቃችኋል።

ሦስተኛው የማሳው ዳር ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንን ነው። ሙቀትና ድርቀት ሲገናኙ ማይት የሚባለው በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ሸረሪት መሰል ተባይ በፍጥነት ይራባል። ጥቃቱ አብዛኛውን ጊዜ ከማሳው ጠርዝ ስለሚጀምር መሐል ለመሐል የሚያቋርጥ ሰው ሳያየው ያልፋል። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ በታች ይዛችሁ ተክሉን መታ መታ አድርጉት፤ በወረቀቱ ላይ እንደ አቧራ ወድቀው የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ካያችሁ እሱ ነው። በታችኛው ቅጠል ላይ በመርፌ የተወጋጋ የሚመስል ነጣ ያለ ነጥብም ሌላው ምልክት ነው። ከርቀት ሲታይ ጉዳቱ ከጥማት ጋር ስለሚመሳሰል ብዙዎች «ድርቀቱ ነው» ብለው ይተዉታል። ሌላ ተባይ ለመግደል ተብሎ ያለጥንቃቄ የሚረጭ መድኃኒት ማይቱን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ፈጅቶ ነገሩን ሊያባብሰው እንደሚችልም አትርሱ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ማሳ ተዘዋዋሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የብረት ዘንጉን ሞክሬው በአሸዋማው ማሳ 35 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመ፤ በለሙ አፈር ግን 80 ሴንቲ ሜትር ገብቷል። ባልደረባዬ ግን ይህን ሁሉ መቆፈርና መቁጠር ትተን በሳተላይት ምስል ላይ የሚታየውን የአረንጓዴነት መለኪያ ብንከተል ይሻላል ይላል። በተጨማሪም በስፋት በሚያመርቱ አገሮች እንዲህ ያለው የአምስት ደረጃ ምዘና በየሳምንቱ ይታወጃል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በእርግጥ ምርቱን ቀድሞ ይናገራል ወይ?

መልስ፦ ከሰማይ እይታ

ሥራዬ ከሳተላይት መረጃ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለባልደረባዎ ላዳላ እችል ነበር፤ ሆኖም አካፋውን አትጣሉ እላለሁ።

ኤንዲቪአይ የሚባለው የአረንጓዴነት መለኪያ ተክሉ የሚውጠውን ቀይ ብርሃንና የሚመልሰውን ለዓይን የማይታይ ብርሃን በማነጻጸር የሚሰላ ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች በ10 ሜትር ጥራት በየአምስት ቀኑ አንድን ቦታ ስለሚያዩ፣ ደመና ካልጋረዳቸው ማሳውን በቁራጭ ለይተው ለማሳየት ከበቂ በላይ ናቸው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቅጠሉ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነ በኋላ መለኪያው ጣሪያው ላይ ስለሚደርስ በጥሩና በእጅግ ጥሩ በቆሎ መካከል ብዙ አይለይም። ሁለተኛ፣ ቅጠል ቀለሙን የሚለውጠው ከተጠማ በኋላ ዘግይቶ ስለሆነ ምስሉ ሲገረጣ ጉዳቱ ደርሷል። ጸጉሩ ዘግይቶ ይሁን አይሁን ደግሞ ከሰማይ አይታይም። የአፈር ልጅ የነገረንን ከመንገድ ዳር ሆኖ ማየት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነን የምንደግመው ያኔ ነው።

ከቀለም ይልቅ ሙቀት ቀድሞ ይናገራል። ውሃ ያገኘ ተክል በላብ ራሱን ስለሚያቀዘቅዝ፣ የቅጠሉ ሙቀት ከአየሩ በላይ መሆን ከጀመረ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ተዘግተዋል ማለት ነው። በእጅ የሚያዝ የሙቀት መለኪያ ካላችሁ ከቀትር በኋላ ቅጠሉ ላይ አነጣጥራችሁ ከአየሩ ሙቀት ጋር አወዳድሩ፤ አፈሩን እንዳትለኩ ግን ተጠንቀቁ። ምስሉን የምጠቀምበት ለአንድ ዓላማ ነው፤ የት ሄጄ ልቆፍር የሚለውን ለመምረጥ። የዘንድሮውን ምስል በሌላ ዓመት በተመሳሳይ የዕድገት ደረጃ ከተነሣው ጋር አነጻጽሬ በጣም የወረደውንና ምንም ያልወረደውን ሥፍራ እለይና ሁለቱንም በእግሬ እሄድባቸዋለሁ።

ስለ ሳምንታዊው ምዘና የጠየቁት እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በምርት ወቅት ዘወትር ሰኞ እርስዎ እንደሚሞሉት ባሉ አምስት ደረጃዎች የተመደበ የሰብል ሁኔታ ያወጣል፤ መረጃውን የሚልኩት በየአካባቢው ያሉ ታዛቢዎች ሲሆኑ ደረጃውም በዓይን ግምት የሚሰጥ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የሚወጣው የድርቅ ካርታ ደግሞ የተለየ ነገር ነው፤ እሱ የሚለካው ድርቁን ነው እንጂ ሰብሉን አይደለም፣ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ግን ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያች አገር በሜይ አጋማሽ 77 በመቶው በቆሎ ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ተብሎ ነበር፤ ኦገስት ላይ ይህ ቁጥር ወደ 23 በመቶ ገደማ ወረደ። ምዘናው ትክክል ነበር፤ ምርቱም በኤከር ወደ 123 ቡሽል፣ ማለትም በሄክታር ወደ 77 ኩንታል ወርዶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ጁን መጨረሻ ላይ ጥሩና እጅግ ጥሩ የተባለው 50 በመቶ ብቻ ስለነበር ብዙዎች ሌላ 2012 መጣ ብለው ነበር። ጁላይ ላይ ዝናብ መጣ፤ የዓመቱ ምርትም በኤከር 177.3 ቡሽል ሆኖ እስከዚያ ጊዜ ከታየው ሁሉ በለጠ። ልዩነቱ ያለው በወሩ ላይ ነው። የጁኑ ድርቀት በቆሎውን ጸጉር ከማውጣቱ በፊት ሲያገኘው፣ የ2012ቱ ግን ጸጉር በሚያወጣበት ሰሞን አገኘው።

በዚያው በ2012 ጎተራ ጠባቂ ስለ ሁለቱ ሰብሎች የተናገሩት በቁጥር ታይቷል። መሥሪያ ቤቱ ኦገስት ላይ ለበቆሎ የተነበየው በኤከር 123.4 ቡሽል ሲሆን በጃንዋሪ የወጣው ማጠቃለያ ከዚያ ፈቀቅ አላለም፤ ጉዳዩ በጁላይ አልቆ ነበርና። አኩሪ አተሩ ግን በሴፕቴምበር ትንበያ 35.3 ቡሽል ደርሶ የነበረ ሲሆን፣ በኦገስት መጨረሻ የአይዛክ አውሎ ነፋስ ቅሪት ይዞት የመጣው ዝናብ ፍሬው ሳይሞላ በደረሰባቸው አካባቢዎች ስላገዘው በጃንዋሪ 39.6 ሆኖ ተመዘገበ። አንድ ዝናብ አንዱን ሰብል ሲያድን ለሌላው ምንም አልጠቀመም።

መልስ፦ የአፈር ልጅ

በዚህ ላይ ትንሽ ልከራከር። የ2023ቱ ምሳሌ እውነት ቢሆንም ጀማሪ ሰው ሲያነበው «ዝናብ ከመጣ ሁሉ ይስተካከላል» ብሎ እንዳይወስደው እፈራለሁ። እዚያ የታየው የሰፊ አገር አማካይ ነው፤ አማካዩ ሲያገግም አሸዋማ መሬት ላይ ያለው ማሳ ላያገግም ይችላል። ማሳ ተዘዋዋሪም የሚመዘግቡት አማካይ ሳይሆን ማሳ ነው።

ድርቀት የመታው በቆሎ ለከብት መኖ ሊታጨድ ከሆነም አንድ ነገር ልጨምር። የተጠማ በቆሎ ያልተጠቀመበትን፣ ሲበዛም ከብትን የሚመርዘውን ናይትሬት በአገዳው ታችኛ ክፍል ያከማቻል፤ ድርቀቱን የሚሰብር ዝናብ ከጣለ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናትም መጠኑ ይበልጥ ይጨምራል። ስለዚህ ከዝናቡ በኋላ ጥቂት ቀናት መጠበቅ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማጨድና ከመመገብ በፊት ማስመርመር ይገባል። ወደ ሳይሌጅ፣ ማለትም አየር በሌለበት ታምቆ ወደሚብላላ መኖ መለወጡም ናይትሬቱን ይቀንሰዋል። ለእህል የሚቀር ከሆነ ደግሞ ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ሙቀትና ድርቀት ከበረቱ በራሱ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ሻጋታ መኖሩን እዩ፤ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጨው ሻጋታ የሚወደው እንዲህ ያለውን ወቅት ነው። ሻጋታ ማየት መርዙ መኖሩን አያረጋግጥም፣ አለማየትም መርዙ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ቁርጡን የሚናገረው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

መልስ፦ ማሳ ተዘዋዋሪ

ከአምስት ሳምንት በኋላ የተመለስኩት ያገኘሁትን ለመናገርና ስሌቴን እንድታርሙልኝ ነው። ጸጉር በሚወጣበት ሰሞን 18 ሚሊ ሜትር ዝናብ አግኝተናል፤ ከዚያም ወዲህ ሁለት ጊዜ ዘንቧል። በለሙ ማሳ ብናኙና ጸጉሩ በሁለት ቀን ልዩነት ወጡ። በአሸዋማው ግን ስድስት ቀን ተለያዩ፤ እሸቱን ሰንጥቄ ሳራግፈውም በራሱ ላይኛው ግማሽ ያለው ጸጉር አልረገፈም።

በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 75 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 13.3 ሜትር ርዝመት ለክቼ 10 ካሬ ሜትር ላይ ያለውን ቆጠርኩ። በለሙ ማሳ 58 ራስ፣ በእያንዳንዱም ላይ በአማካይ 14 ረድፍና በረድፍ 31 ፍሬ አገኘሁ። በአሸዋማው ፍሬ የያዘው 41 ራስ ብቻ ሲሆን፣ በአማካይ 14 ረድፍና በረድፍ 17 ፍሬ ነው። አንድ ሺህ ፍሬ 280 ግራም ይመዝናል ብዬ ሳሰላው የመጀመሪያው በሄክታር ወደ 70 ኩንታል፣ ሁለተኛው ወደ 27 ኩንታል መጣልኝ። የሚገርመው አሸዋማው ማሳ ዛሬ ከመንገድ ሲታይ ከለሙ ይልቅ አረንጓዴ ነው። አኩሪ አተሩ በተክል በአማካይ 12 ከነበረው ፖድ ወደ 29 ደርሷል።

መልስ፦ የአፈር ልጅ

የሂሳቡ መንገድ ትክክል ነው፤ የማልስማማው በ280 ግራሙ ላይ ነው። ያ ክብደት ፍሬው ያለ ጭንቀት በሞላበት ዓመት የሚገኝ ነው። ፍሬው ገና እየሞላ ስለሆነና በዚህ ደረጃ ላይ ያለ የጥማት ቀንም ከ3 እስከ 6 በመቶ ሊቀንስ ስለሚችል ለጥንቃቄ በ230 ግራምም አስሉት፤ ለሙ ማሳ ወደ 58 ኩንታል፣ አሸዋማው ወደ 22 ይወርዳል። በአሸዋማው ላይ የጸነሱት ፍሬዎች ጥቂት ስለሆኑ ዝናቡ ከቀጠለ እያንዳንዳቸው ሊወፍሩ ይችላሉ፤ የጎደለውን ግን አይሞሉትም። አንድ ቦታ ቆጥሮ ማቆምም አይበቃም። በማሳው ቢያንስ አምስት ቦታ ቁጠሩ፤ የሚገለጠውንም ራስ በየአምስተኛው ተክል ውሰዱ፣ ዓይናችሁ የወደደውን አይደለም። ከጫፉ ላይ የጨነገፉትን ጥቃቅን ፍሬዎች አትቁጠሩ።

አሸዋማውን ማሳ «ደካማ» ብላችሁ መዝግቡት። ለሙን እኔ «መካከለኛ» እለዋለሁ፤ ፍሬው መጠንከር ሲጀምር ደግማችሁ እዩትና ያኔ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ ሃያ ሃያ አገዳ ገፋ እያደረጋችሁ ስንቱ ተመልሶ እንደሚቆምና ስንቱ እንደሚታጠፍ ቁጠሩ፤ የተጠማ በቆሎ ፍሬውን ለመሙላት ከአገዳው ስለሚበደር ቀድሞ ሊወድቅ ይችላልና አሥር በመቶው ከታጠፈ ያንን ማሳ ከሌሎቹ አስቀድሙና ሰብስቡት።

መልስ፦ ጎተራ ጠባቂ

ስለ አኩሪ አተሩ 29 ፖድ መልካም ዜና ነው፤ ነገር ግን ከፖዱ ቁጥር ጋር በውስጡ ያለውንም ፍሬ ጻፉ። ሃያ ፖድ ከተለያየ ከፍታ ወስዳችሁ ክፈቱ፤ በአማካይ ከ2.5 ፍሬ በታች ካገኛችሁ ወይም ጠፍጣፋ ፖድ ከበዛ ቁጥሩ አያታልላችሁ። ፍሬው ፖዱን እስኪሞላ ድረስ ምዘናችሁን ክፍት አድርጉት፤ የማሳውንም ዳር በነጭ ወረቀት ማየታችሁን አታቋርጡ።